ሰም የተቀባ ጆሮ

ሩዳ፣ ላይኛው ሽሌዝያ፣ ፖላንድ

ክንድ የሚያህል ድንጋይ፣ ክብ ሆኖ የወጣ፣
ስምንት መቶ ሜትር፣ ከሩዳ ሥር መጣ።
ገላውን አጠብኩት፣ አቧራው እስኪጠራ፣
ጎኑን በሰም ቀባሁ፣ ቦታ በየተራ፤
አሥራ ሁለት ጆሮ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ፣
ለጠፍኩ በሰሙ ላይ፣ ይሰሙልኝ ሁሉ።

ሰሙ የእኔ ነበር፣ በጣሳ የቀለጠ፤
ወርቁ ግን የድንጋይ፣ ከውስጥ የተቀመጠ።

መጭመቂያው ወረደ፣ ቀስ ብሎ እንደ ዕዳ፤
ድንጋዩ ዝም አለ፣ በሰው ቤት እንግዳ።
ቆይቶ አንድ «ጠቅ» አለ፣ ሰው የማይሰማው፣
የውሻ ጆሮ እንኳ፣ ቀጥኖ የሚያመልጠው።
ከዚያ ጠቅ፣ ደግሞ ጠቅ፤ ፊቱ ግን ያው ፊት ነው፣
ከውጪ ለሚያየው፣ ጤና የሚመስለው።
ነጥብ በነጥብ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ሲያብብ፣
የነገው ስብራት፣ ከዛሬ ሲነበብ፣
ሁሉን በየመልኩ፣ መዘገብኩ በደብተር።
በመጨረሻም ዝም። አንድ ትንፋሽ ያህል።
ከዚያ ድው!
ሁለት ድንጋይ ነበር።

አባቴ አሎይዝ፣ ይህን ሁሉ ሳያይ፣
በጥድ ግንድ ነበር፣ ሞቱን የሚለይ።
«ጥድ ይናገራል፤ ብረት ግን ከዳተኛ፣
እስኪያጥፍህ ድረስ፣ እንደ ሎሌ ዝምተኛ።
ጥድ ሲያቃስት ሩጥ፣ ቆብህን አታንሣ፣
ዳቦህንም ተወው፣ ለአይጦች ይሁን ምሳ።»
ሠላሳ ዓመት እንዲህ። ዛሬ ጆሮው የለም፤
መሰርሰሪያው ወስዶት፣ ቢጮኹ አይሰማም።
ሳንባውም ከሰል ነው፤ ሌሊቱን ሲያስለው
በግድግዳው ማዶ፣ ቁጥሩን የምይዘው
እኔ ነኝ፤ ልማድ ነው።

ኅዳር ነው። ማክሰኞ። ከሌሊቱ ስምንት።
ከታች አርባ ሦስት ሰው፤ ከላይ እኔ፣ አንዲት።
ጂኦፎኑ ሁሉ፣ ሲያወራ አምሽቶ፣
ሰዓት በሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ ተበራክቶ፣
ድንገት ጸጥ አለ።

የፈረቃው አለቃ፣ ኤቫልድ፣ ተነፈሰ፤
ሻዩን ፉት አለና፣ «ምድሩ ተፈወሰ።»
እኔ ያ ድንጋይ ነው፣ ትዝ ያለኝ በዚያ ቅጽበት፤
ዝም ብሎ ነበር፣ ሊሰበር ሲል ለሁለት።
አባቴም ብሎኛል፦ «ሲያለቅስ አትፍሪው፤
ያለቀሰ ዐለት፣ ሸክሙን ነው ያራገፈው።
ዝም ያለ ለት ነው፣ ዐለት የሚያስፈራው።»

ስልኩን አነሣሁት፦ «አውጧቸው።» «ሁሉንም?»
«ሁሉንም።» «ከሰሉስ?» «ከሰል ልጅ የለውም።»

ወጡ። ተሳደቡ። ነጋ፤ አልወደቀም።
ረቡዕ ተመለሱ። ረቡዕም፣ ሐሙስም
አንዳች አልተናደም።
«ያለ በቂ ምክንያት ሥራ በማስተጓጎል»
የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ።

ዓርብ የቅድስት ባርባራ በዓል ነው፤ ታች ማንም የለም።
የነሐሱ ባንድ ሲነፋ፣ ባርኔጣው ላይ ላባ፣
አደባባዩ መሐል፣ ቢራ እንደ ውኃ ሲቀዳ፣
መሬቱ አንዴ ዘለለ።
በየቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ብርጭቆ ተንጫጫ፤
ሰማንያ ሜትር ዋሻ፣ ከነሐዲዱ ተዘጋ።
ባንዱ ተቋረጠ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«ባርባራ አዳነችን» አሉ፣ ሻማ ለኮሱላት።
አልተከራከርኩም። ሦስት ቀን መሳሳት
ምን ማለት እንደሆን፣ እኔ ነኝ የማውቀው፤
ደብዳቤውም ዛሬ፣ ፋይሌ ውስጥ ያው ነው።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ግድግዳው ማዶ ዝም።
ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሳል የለም።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ምንም።
ዐለት የሚሰማው፣ ስምንት መቶ ሜትር፣
ይኸው ጆሮ ቆሟል፣ ግድግዳ ሥር ሲቸገር።
ገባሁ፤ ተንበረከክሁ። ያለ ሰም፣ ያለ ሽቦ፣
ጆሮዬ አረፈ፣ ከደረቱ ቀርቦ።

ጠቅ።
ቆይቶ ጠቅ።

አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ፀጉሬን ሲዳብሰው
መዳፉ ሻካራ ነው፣ ሰማያዊ ጠባሳው
የከሰል ነው፣ አይለቅም።
«ልጄ» አለ ጮክ ብሎ፣ ደንቆሮ እንደሚለው፣
«ገና ነኝ። አትቁጠሪኝ።
ይልቅ መብራቱን አጥፊው።»