የተቃጠለው ስምንት ክንድ

ግሪኩ ባለሱቅ ከናዝሬት ሲነቀል፣
ብር አጥቶ ዕዳውን በሳጥን ሊከፍል፣
አንድ የፊልም ማሽን፣ አንድ ጥቅል ብቻ
ሰጥቶ ተሳፈረ፤ ይኸው ሆነ መፋቻ።

ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ፣ አያቴ ዋቅጅራ፣
ሚስቱን እንኳ በስሟ ባመት አንዴ የሚጠራ፣
ሳጥኑን በጋሪ ጭኖ ከጣቢያው ማዶ ሲመጣ፣
"መቶ ሃያ ብራችን ቆርቆሮ ሆኖ ወጣ!"
አለች ሚስቱ አስካለ።
እሱ ዝም አለ።

ማታ ግን አንሶላዋን ምስማር ላይ ሰቀላት፤
ማሽኑ እንደ ባቡር ሐዲድ እየቆጠረ ብርሃን ረጨባት።
ታየ አንድ ሸንበቆ ሰው፣ ኮቱ የጠበበው፣
ነፋስ ከነክብሩ ባርኔጣውን የነጠቀው።
ይሮጣል፣ ይቀድመዋል። ያጎነብሳል፣ ያመልጠዋል።
ፖሊስ ይገጫል፣ የቀለም ባልዲ ይረግጣል፣
ከሠርግ መሀል ገብቶ የሙሽራ ቬሎ ይጎትታል፣
መሰላል ይወጣል፤ መሰላሉ አየር ላይ ይዋልላል፤
እጁን ሲዘረጋ፣ አንድ ጣት ሲቀረው —

ነጭ። አንሶላ ብቻ።
ስምንት ክንድ ተቃጥሏል ከፊልሙ መቋጫ።

ያኔ አያቴ ይነሣል፤
ጥላው አንሶላውን ይሞላል፤
ቃል ሳይተነፍስ፣ ፍሬን ባጠነከረው ክንድ
የጎደለውን ይሠራል፣ በየማታው አንድ አንድ።
አንድ ማታ ባርኔጣውን ጅብ ይውጠዋል፤
አንድ ማታ ወንጂ ድረስ ሮጦ ሸንኮራ መሀል ያገኘዋል፤
አንድ ማታ ባርኔጣው ራሱ ዞሮ ሰውየውን ያባርረዋል!
አስካለ ብሯን ረስታ፣ በሣቅ ከወንበሯ ትወድቃለች፤
"ሞትኩ፣ በቃ በሉት!" ትላለች።

ሌላው ከአባቱ ቦታ ወረሰ፣ ቤት ወረሰ፤
ለእኛ የደረሰን አወዳደቅ ነው፤ ደግሞም አላነሰ።
አባቴ መምህር ኩምሳ፣ ከጠመኔው የሚደርቅ፣
እራት ላይ ከወንበሩ ይንሸራተታል፣ ፊቱ ቅንጣት ሳይነቃነቅ።
ሲጸልይም ሰምቼዋለሁ፤ ሌላው "አሟሟቴን" ሲለው፣
እሱ "አወዳደቄን አሳምረው"።

ማሽኑ ቀድሞ ሞተ። ፊልሙ ብስኩት ጣሳ ውስጥ ከረመ፣
ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ፣ ጠርዙ ተኮማተረ፣ ቀለመ።
ጣሳውን ከፍቼ አሸት ነበር፣
ሌላው ልጅ ከረሜላ ሲሰርቅ በነበር።

አያቴ የተቀበረ ዕለት፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ጠቅልሎ
መጣና፣ የእድሩን ዳኛ ባርኔጣ ይዞት በረረ አንጠልጥሎ።
ሽማግሌው በመቃብር መሀል ሲሮጡ፣ ሲያጎነብሱ፣ ሲያመልጣቸው፣
የአባቴ ትከሻ ተርገፈገፈ፤ "አይዞህ" አሉት፣ ያለቀሰ መስሏቸው።
እኔ ብቻ አወቅሁ። ጋቢውን ነክሶ ነበር።

ዘንድሮ ስልኬ ላይ ያ ፊልም ተገኘ፤ ሙሉው፣ ስምንት ክንዱም ጭምር።
ሰውየው ባርኔጣውን ያዘ። አራገፈ። አደረገ። ሄደ።
ይኸው ነው?
ሃምሳ ዓመት የጠበቅነው?
የዋቅጅራ ጅብ ይሻላል።

ልጄ ሲፈን የድምፁን ምልክት በጣቷ ሽቅብ ትገፋለች፤
"እማ፣ ተበላሽቷል" ትላለች።
"አልተበላሸም፤ ቅድመ አያትሽን መስሎ ነው"
እያልኳት፣ ውጭ ነፋሱ የጎረቤት ሳፋ አንሥቶ ሲያንከባልለው
ሰማሁ። ዞር ስል የለችም።

ደጅ ናት፣ ባንድ ጫማ።
ሳፋው ይቀድማታል፤ ታጎነብሳለች፤ ያመልጣታል፤
በቆመ ባጃጅ ሥር ሾልኮ ያልፋል፤ ትዞራለች፤
እጇን ዘረጋች፣ አንድ ጣት ሲቀራት —