ወደ ኋላ አትራመዱ

ሌስተር ካራቫኑን እየጎተተ፣
እኔ ካርታ ይዤ፣ ካርታው ባዶ ሆኖ፣ ጣቴ እየሳተ፣
አንድ ቀን ከግማሽ ቀጥ ባለ መንገድ፣
ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ዐመድ።
ካንጋሮ ተኝቷል፣ ማለት ሞቶ፣ ዳር ላይ፤
ቁራው ብድግ ይልና መልሶ ያርፋል እኛን ሲያይ።
ሦስት ተሳቢ የጫነ ሲያልፍ ባጠገባችን
ወዲያ ወዲህ ይናጣል ባለጎማው ቤታችን፤
ከቁም ሣጥን ውስጥ ሲንኳኳ ብርጭቆ
«ተሰበረ» እላለሁ። «ይሁን» ይላል፣ መሪውን አጥብቆ።

ከዚያ ጉብታዎች። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣
ቀጥሎ መቶ፣ ሺህ፣ ነጭ እንደ ዱቄት፤
ፍልፈል ያረሰው የሚመስል ሜዳ፣
በየጉብታው ሥር ጥቁር አፍ፣ ያልተከደነ ጓዳ።
መግቢያው ላይ ሰሌዳ፤ ጉድጓድ የዋጠው
ሰው ተሥሎበታል፣ ባርኔጣው ብቻ ከላይ የቀረው።
«አትሩጡ» ይላል፣ «ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።
ወደ ኋላ አትራመዱ።»
ሌስተር ሳቀ፤ ምክንያቱም ይህን ቤት ከገዛን
ወደ ኋላ ሲነዳው አንዴም አልታዘዘን።

ማረፊያው ዛፍ የለውም። ባለቤቷ ስታቭሩላ
ለገላ መታጠቢያ ሳንቲም ትዘረዝራለች ከመስኮቱ ኋላ፤
«አንድ ስትከቱ ሦስት ደቂቃ ይወርዳል፤
ሳሙናውን ቀድሞ መቀባት ይበጃል።»
ከተማው የት አለ? ብዬ ብጠይቃት
«ቆመሽበታል» አለች፣ በነጠላ ጫማዋ መታ አድርጋ መሬት።

እውነትም ከሥር ነው። ከአፈር የበቀለ
ቧንቧ ሁሉ ጭስ ማውጫ፣ ከሥሩ ቤት አለ።
ላይ አርባ ስድስት ዲግሪ ሲያነድደው
ታች ክረምት ከበጋ አየሩ አንድ ነው።

ድራጉቲን የሚባል፣ ሰማንያ ያለፈው፣
ወደ ቤቱ አስገባን፤ በእጁ የፈለፈለው።
ግድግዳው ላይ የማሽን ጥርስ፣ ቀለበት በቀለበት፣
ግዙፍ አይጥ ዳቦ የገመጠ ይመስላል በሌሊት።
«ሳሎኗን በዕዳ ቆፈርኳት» አለን፤
«መኝታ ቤቷ ግን ራሷን ከፈለች፤ መኪናም ገዛችልን።
ይቺኛዋ...» አለና መብራት አበራ፤
አንድ አልጋ፣ አንድ መስታወት፣ የስንት ዓመት አቧራ።
ዝም አልን።
«የእኅቴ የሚላ ናት። ልትመጣ ነበረ።
ኦፓል አልወጣባትም። ቆፍሬ ቆፍሬ፣ ክፍል ብቻ ቀረ።»

ከመደርደሪያ ላይ ጠርሙስ አወረደ፣
የማርማላታ ነው፤ ውኃ ውስጥ ድንጋዩ ዞር ብሎ ነደደ፦
አረንጓዴ፣ ወዲያው ቀይ፣ ወዲያው ምንም፤
የዝንብ ክንፍ፣ የነዳጅ ጠብታ በኩሬ ላይ... አይደለም፤
እሱንም አይመስልም።
«አትሸጠውም?» አለ ሌስተር።
«ከውኃ ከወጣ ይሰነጠቃል» አለ።
«ውኃውን ጨምሬ ልሽጥ? እዚህ ውኃ ውድ ነው።»
ጠርሙሱን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መለሰው።

በነጋታው ቃርሚያ ወጣሁ፤ ማሽን አጭዶ የጣለው
ክምር፣ ድንጋይ ከአፈር የተደበላለቀው።
ኢቮን፣ ጉድጓዱ ሳይኖር የእናቶቿ ምድር የነበረ፣
ሁለት የእኅቷን ልጆች ይዛ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ነበረ።
«ቆመሽ አይገኝም» አለችኝ። «ተቀመጪ።
ፀሐይ ዝቅ ስትል ራሱ ይጠቅስሻል፤ አትሩጪ።»
ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ነደደ። ምንም አልጠቀሰኝ።
ትንሹ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ፣
ከኪሱ ዛጎል አወጣና ሰጠኝ፤
ድንጋይ የሆነ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ እሳት የሌለው።
«ዋጋ የለውም» አለች ኢቮን። «ባሕር ነው የረሳው።»

የመመለሻችን ጠዋት ካራቫኑ ተሰነቀረ።
ስታቭሩላ በመጥረጊያዋ ምልክት ሰጠች፣ ሰው ተሰበሰበ፣ መከረ፤
ድራጉቲን «ግራ!» ሲል፣ ሌላው «ቀኝ!» ሲል፣ ሌስተር ላብ በላብ፣
በመጨረሻ ከመኪናው ፈትተው በእጃቸው አዞሩት፣ እንደ እልኸኛ ከብት ሲሳብ።
«እዚህ ወደ ኋላ የሚሄድ የለም» አለ ሽማግሌው፣ እጁን አራግፎ፤
ወዲያው ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።

አሁን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ነን። ከጉልበቴ መሐል
የጥርስ ብሩሽ ኩባያ ይዣለሁ፤ ዛጎሉ ውኃ ውስጥ ተኝቷል።
መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ቀሚሴ ላይ ይፈስሳል፤
ሌስተር ከጎኑ እያየ «ዋጋ የለውም ተብሏል» ይላል።
አውቃለሁ።
የውኃውን ጠርሙስ አቀብለኝ እለዋለሁ።