ሁለተኛው ፊት፣ ሦስተኛው ዘፈን

የሽፋኑ ጠርዝ ተልጧል፣ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል፤
የቢራ ጠርሙስ ቂጥ ክብ ማኅተም ትቶበታል።
ቨርደል ታሊቨር ናት፣ በጥቁርና ነጭ፣
ላቧ ካንገቷ ላይ እንደ ዶቃ ሲረጭ፣
አንድ ጫማ አውልቃ፣ አንዱን እንዳደረገች፣
ማይኩን በሁለት እጅ እንደ ጨቅላ ታቅፋ አፏን የከፈተች።

ጌሪ፣ ኢንዲያና። የካቲት። ስልሳ ስምንት።
ሐይቁ ዳር በረዶ፣ ሰማዩ ላይ እሳት፤
የብረት ማቅለጫው ሌሊቱን እያቀላ፣
ሁለተኛው ፈረቃ ከነጥላሸቱ መጣ፣ እራት ሳይበላ፣
ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ የቆቡ ጠርዝ ግንባሩ ላይ ታትሞ፣
የሠራተኛ ማኅበሩን አዳራሽ ሞላው፣ ገሚሱ ቆሞ።

ሁለት ማይክ ብቻ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣
የከበሮው ፔዳል ዘይት ያጣ በር መስሎ፣
ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ… ይላል፤ ሸክላው ሁሉን ቀድቷል፤
ሳል፣ የወንበር እግር፣ የወደቀ ብርጭቆ፣
አንዱም አልተጣለም፣ በየቦታው ተቀምጧል።

እኔ ግን ይህን ሸክላ የማጫውተው ለቨርደል አይደለም።
ይቅር ትበለኝ።
ሁለተኛው ፊት ላይ፣ ሦስተኛው ዘፈን መሀል፣
ባንዱ ዝም ሲል፣ እሷም ትንፋሽ ስትወስድ፣
ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ትጮኻለች፦
«ቀስ በይ እህቴ፣ ሌሊቱ የኛ ነው!»
ሕዝቡ ይስቃል።
ያቺ ሴት እናቴ ናት።

ኦዜላ። ሃያ ሦስት ዓመቷ።
እኔ ገና አምስት ወር፣ ከበሮዬ የልብ ምቷ።
ስኳር እግሯን ሳይወስድ፣ ማቅለጫው ጭሱ ሳይቀንስ፣
አባቴ ፕሬንቲስ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ደብዛው ሳይደመሰስ።
ሰው ከሸክላ ተሠራ ይላሉ፤ እሷ ግን ተመልሳ ሸክላ ገባች፣
ስድስት ቃል ሆና፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ኖረች።

ቨርደልስ?
ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይከፍላት ከሰረ፤
ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ መሪ በእጇ ዞረ።
ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷ ነበረች፣ አላወቅኋትም፤
ቀይ መብራት ላይ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች እንጂ አትዘፍንም።

ባለፈው ጥር፣ ሸክላውን በብብቴ፣ ማጫወቻውን በካርቶን፣
የአረጋውያን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።
ከነፒጃማዋ ተቀምጣለች፣ ጥፍሯ ግን ቀይ፣ አዲስ የተቀባ።
እናቴን ላሰማት ነበር።

መርፌው ወረደ። ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ…
ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ፤
ልቤ ከመርፌው ቀድሞ ገሰገሰ።
ያን ጊዜ እጇ ድንገት ተዘረጋ፣ መርፌውን አነሣችው።
«ይኸው! ሰማኸው? እዚህ ጋ ድምፄ ወረደ።
ይቺ ጎዶሎ ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ
እንደ ጠጠር ከጫማዬ አልወጣችም።
ከዚህ አልፌ ሰምቼው አላውቅም።»

አልተከራከርኩም። ሻይ ጠጣን።
ስለ ጉልበቷ አወራን፣ ስለ በረዶው፣
አዲሶቹ ሾፌሮች ስለማይጠብቋቸው ሽማግሌዎች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን አጫወትኩት፤
ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴን ትቼ የቨርደልን ድምፅ ጠበቅሁት።
እውነቷን ነው። ይወርዳል። የፀጉር ታህል፣
በጨለማ ደረጃ የሳተ እግር ያህል።
ባንዱ ዝም ያለው ለዚያ ኖሯል፤
ትንፋሽ የመሰለኝ ድንጋጤ ነበር።
አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማ። ማንም አልሳቀም ገና።
ከኋላ ረድፍ አንዲት ነፍሰ ጡር ተነሣች፦

«ቀስ በይ እህቴ፣ ሌሊቱ የኛ ነው!»

ለካ ጨዋታ አልነበረም። ለካ ክንድ ነበር፣
የተደናቀፈን ሰው ሳይወድቅ የሚደግፍ።
ከዚያ ሳቁ፣ ከሳቁ ሥር ከበሮው፣
ከበሮው ላይ ቨርደል፣ ሁለተኛውን ጫማ ስታወልቅ፣
ጣውላው ላይ ጧ ሲል እንኳ ይሰማል።

ይህን ሁሉ እሷ አልሰማችውም።
ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ።
ሁለቱንም እጇን እይዛለሁ፣
መርፌው እስኪያልፍ ድረስ።