አራተኛው መስመር

ከሁፉፍ ወጣ ብሎ፣ ከተምሩ ጥላ ማዶ፣
ሐዲዱ ይነጉዳል አሸዋ ለሁለት ቀዶ።
ግራ ቀኙ አጥር ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤
ሌሊት ሰው ይቀደዋል፣ ጧት የኔ ፒንሳ ይሰፋል።
ደሞዜ ከዚሁ ነው፤
ሙያዬ ቀዳዳ ነው።

ሰሌዳ ተተክሏል፦ በዐረብኛ «ክልክል ነው»፣
በእንግሊዝኛም ያው፣ በኡርዱም እንደዚያው ነው፤
ከሥሩ ቅጣት በሪያል፣
ከጎኑ የሰው ሥዕል፤ ደረቱ በቀይ ተሰርዟል።

እኔ ግን የማነበው ሌላ ጽሑፍ አለኝ፣
አሸዋው በየማለዳው አዲስ ገጽ የሚገልጥልኝ፦
የሸበጥ ዱካ ነው፣ ተረከዙ የተበላ፣
ወደ ቡቀይቅ ያቀና፣ አስፋልቱን ትቶ ለሌላ።
አስፋልቱ ኬላ አለው፤ ኬላው «ኢቃማ» ይላል፤
አንዱን ሕግ የፈራ እግር ሌላውን ሕግ ይረግጣል።

የድሬ ልጅ ነኝ እኔ፤ እንጀራችን ከባቡር፣
ቤታችን ከሐዲድ ዳር።
እዚያ ሐዲዱ ጎዳና ነው፤ ወተት ሻጯ፣ ተማሪው፣
ፍየሉ፣ ባለ ጫቱ፣ ሰክሮ ቤቱ የጠፋው፣
ሁሉም ርብራቡን ቆጥሮ ነው የሚገባው።
አባቴ፣ ሙሴ ጥላዬ፣ ባጠገቡ አስተኝቶኝ
«ጆሮህን ጣል» ይለኝ ነበር፣ «ብረት ወሬኛ ነው፤
የሽንሌን ጉድ እዚህ ነው የሚያወራው።»

የዚህ አገር ብረት ግን ጨዋ ነው፣ ወሬ አያወጣም፤
መጋጠሚያው ተበይዶ ቀጭ ቋ የሚል የለም።
ሸማል ሲነሳ ደግሞ ድምፁን ጠራርጎ ይወስዳል፤
ያን ጊዜ ባቡር አይመጣም፤
ይደርሳል።

በጥር አንዲት ግመል ነበረች፣ ከነግልገሏ።
ስለ እሷ አልጽፍም።
ፎርማናችን ኢርሻድ ፍሬን የተያዘበትን አሳየኝ፣
ቀጥሎም ባቡሩ የቆመበትን ከሩቅ ጠቆመኝ።
መሀሉን በእግራችን ሄድነው። ሲጋራው አለቀ፤
ሌላ ለኮሰ፤ እሱም አለቀ።
ገና አልደረስንም።

የዚያን ለታ ከፒካፑ ጥቁር ቀለም አወጣሁ፣
ከሦስቱ ቋንቋ ሥር በኛ ፊደል ጻፍሁ፦
«ወንድሜ፣ ከኋላህ ነው የሚመጣው።
ከጠጠሩ ውረድ። እየዞርህ እይ።»

«ምን ይላል?» አለኝ ኢርሻድ።
«ክልክል ነው።»
«ለክልክል ረዘመ።»
«በእኛ ቋንቋ ክልክል ረጅም ነው።»
ሳቀ፤ ወይም የሳቀ መሰለኝ፤ አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጥሩ ተቀዶ ነበር። ሰፋሁት።
ሸበጡ ግን ከጠጠሩ ወርዷል፣
ከሐዲዱ አራት ክንድ ርቋል፤
በየመቶ እርምጃው ቆም ብሎ
አፍንጫው ወደ መጣበት ዞሯል።
አንብቦኛል።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ በላሁ።

በሳምንቱ ሌላ ዱካ አየሁ፣ ጠባብ፣ ቀላል፤
የቤት ውስጥ ጫማ፣ ለእብነ በረድ እንጂ ለአሸዋ ያልተሠራ።
በሐዲዱ መሀል፣ አሸዋ ባለበሰው ርብራብ ላይ፣
ቀጥ ብሎ ሄዷል።
አንዴም አልዞረም።
እስከ ድልድዩ ተከተልሁት።
ደም የለም። ጫማም የለም።
ከድልድዩ ወዲያ ዱካውም የለም።

«ወንድሜ» ስላልሁ ይሆን?
ሰሌዳው አጠገብ ስትደርስ
ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ መስሏት፣
እንደ ጨዋ ልጅ ሳታነበው አልፋ ይሆን?

ቀለሙ ረግቶ ነበር፤ በናፍጣ አቀጠንሁት።
ኤጀንሲው ባስሞላን ፎርም ላይ እንደነበረው፣
ስምህ/ሽ፣ ዕድሜህ/ሽ፣ ተጠሪህ/ሽ፣
ከ«ከኋላህ» ጎን አንዲት ዘንበል ያለች ሰረዝ፣
ከሰረዟ ማዶ «ሽ»።
ከ«ውረድ» ጎን «ውረጂ»።
«እህቴ» ለማለት ቦታ አልተረፈም፤
ጠርዙ ላይ፣ በቀጭኑ፣ ወደ ላይ ጻፍሁት።

ጀርባዬን ለሐዲዱ ሰጥቼ እንደቆምሁ ትዝ ሲለኝ
ዞር ብዬ አየሁ።