መሐሉ አሉታ

ቅዳሜ ነው፤ ትብሊሲ፤ ደረቁ ድልድይ ላይ፣
ከዛገ ሜዳሊያ፣ ከተሰነጠቀ ሰሐን ወዲያ ሲታይ፣
ጎጊታ አዳፕተር ይሸጣል፤
እንደ ሽንኩርት ቆልሎ፣
እንደ ሽንኩርት በኪሎ፣
ገመዱ እርስ በርሱ እንደ ነገረኛ ዘመድ ተቆላልፎ።

ከታች ወንዙ ያልፋል፤ ምትክቫሪ ይሉታል፤
በእኔ አፍ ሲጠራ «ምትክ» ብሎ ይጀምራል።
ይህን ነግሬያት ሣቅሁ።
ማቅቫላ ግን አልሣቀች፤
አምስት ቅዳሜ ሙሉ ምትክ ስትፈልግ ባጀች።

በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ በእርሳስ የጻፈችው፣
ከጓንቷ ውስጥ አውጥታ ደጋግማ የምታየው፦
አሥራ ሁለት ቮልት። አንድ አምፔር። ቀጥታ ኮረንቲ።
መሐሉ አሉታ፣ ዙሪያው አዎንታ።

መሐሉ አሉታ።
እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤
ዳር ዳሩን ሲነኩት «እሺ»፣ «ይሁን»፣ «ምን ገዶኝ»፣
ልቡ ላይ ሲደርሱ «እምቢ»።
«የዛሬ ዕቃ ግን» ይላል ጎጊታ «ሁሉም መሐሉ አዎ ነው፤
ፋብሪካው በሙሉ ተስማማ፣
ያንቺ መቅረጫ ብቻ ነው እስከ ዛሬ ያልተስማማ።
ይኸው፣ ይሄ ይገባል።»

መግባትማ ይገባል።
ያለፈው ወሩም ገብቶ ነበር፤
ጢስ አወጣ፤ ፊውዝ ሞተ፤
መቅረጫው ተረፈ፤ እሷ ሳምንቱን ታመመች።
ገባ ማለት ተስማማ ማለት እንዳልሆነ ተማረች።

ዋናው የት ደረሰ?
በዚያ በጨለማው ክረምት፣
መብራት በቀን አንድ ሰዓት፣ እሱም በመጣበት ዕለት፣
አባቷ አምቤርኪ ትራንስፎርመሩን ፈታ፤
ሽቦውን እንደ አሮጌ ሹራብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረ፤
በሚዛን ሸጦት መጣ። ከመዳብ ዳቦ ወጣ።
«ኃይል በሌለበት አገር የኃይል ሣጥን ምን ያደርጋል?» አለ።
ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።
«ትኩስ ነበረ» ትላለች። «ሽቦውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ካሴቱ ግን አለ።
በተራ ቴፕ አይሰማም፤
አራት መስመር ነው፤ ሁለቱ ወደ ፊት ሲዘፍኑ
ሁለቱ ወደ ኋላ፣ ያውም ተጎትተው፣ ቃላቸውን እየዋጡ።

ስለዚህ ሴቬሪያን ዘንድ ሄድን፤
ሰባት ፎቅ፣ ሳንቲም ካልጎረሰ በማይነቃነቅ ሊፍት።
ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦ ሲይዝ ይረጋል።
ይጠመጥማል፤ ይቆጥራል።
ሦስት መቶ አርባ ላይ ጎረቤት ጨው ልትበደር አንኳኳች፤
ቁጥሩ ጠፋው።
አልተሳደበም። ጨውም ሰጣት።
ፈታው፤ ከአንድ ጀመረ።

ሰካችው።
አልጨሰም።
ቀይዋ ነጥብ በራች፤ መዘውሩ ዞረ፤
መጀመሪያ ወንበር ሲንሲያጠጥ፣ የአምቤርኪ ሳል፣
ቀጥሎ የሦስት ሽማግሌ ድምፅ፣ ጎርናና፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ካብ ድንጋይ።

ከዚያ ዜማው ሳያልቅ፣
ድምፃቸው መቅጠን፣ መፍጠን ጀመረ፤
ሽማግሌው ጎልማሳ፣
ጎልማሳው ጎረምሳ፣
ጎረምሳው ሕፃን፣ ሕፃኑ ወፍ፤
ወፉም በረረ።
ጸጥ።

«ተበላሸ?» አለች።
ሴቬሪያን መነጽሩን አወለቀ።
«አይ፤ የዚያን ምሽት መብራት ሲጠፋ ነው።
ሞተሩ እየደከመ የቀረጸው ድምፅ
ዛሬ በሙሉ ጉልበት ሲዞር፣
ያኔ ድካም የነበረው አሁን ፍጥነት ይሆናል።
እነሱ ያወቁት ነገር የለም፤ ጨለማውን ዝም ብለው ዘፍነውታል።»

ማቅቫላ ካሴቱን መለሰች፤ ደግማ ሰማች፤ ደግማ መለሰች።
ስንት እንደሆነ ጠየቀችው፤ የሽቦውን ብቻ ነገራት።
ስትነሳ መዳፏን አዲሱ ትራንስፎርመር ላይ አሳረፈች፤
እጇንም ቶሎ አላነሳች።
ትኩስ ነበረ።