የምቾት ነጥብ

ጥር ነው፤ አርየፕሉግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ሐይቁ ከዳር ዳር ረግቶ ሆኗል የፈተና መንገድ።
ተረኛዋ ቆማለች፣ ስም ገና ያልወጣላት፣
ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላስቲክ ያለበሷት፣
ሰላይ ካሜራ መልኳን ሰርቆ እንዳያሳጣት።

እኔ ቪልጎት እባላለሁ፤ ሥራዬ መቀመጥ ነው።
ሞተሯን ሌላው ይፈትሽ፣ ፍሬኗንም ሌላ ሰው፤
እኔ የምለካው በወገቤ ነው፣ በጆሮዬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ሲመዝን በኖረ ጀርባዬ።
አራተኛው አንጓ ከጮኸ፣ ስድስት፤ ዝም ካለ፣ ዘጠኝ።
ዐሥር ሰጥቼ አላውቅም። አለቃዬ ሔኒንግ "ምነው?" ሲለኝ
"ዐሥር ካገኘ ወንበር ላይ ማን ይነሣል?" እላለሁ፤
እሱ ይስቃል፣ እኔ ቅጼን እሞላለሁ።

በሩን ሳብኩት፤ ድም ብሎ ተዘጋ፣ እንደ ወፍራም መጽሐፍ።
ነፋሱ ከመስታወቱ ማዶ ቀረ፣ ድምፅ የሌለው አፍ።
ቆዳው ሞቀ። ወንበሩ በስውር ጣቶቹ ትከሻዬን አሸኝ፤
የማላውቀው ሰው ሳይጠይቀኝ የነካኝ መሰለኝ፤
ይህን ግን ቅጹ አይጠይቅም።

ነዳጅ ሰጠሁ። ሁለት ቶን ተኩል ወይዘሮ ሸብ ረብ አለች፣
በዚያ ሙልጭልጭ ላይ ቀሚሷን ሳታነሣ ዞረች።
ባሌስትራ የላት፣ ሞላ የላት፤ የምትቆመው በአየር ላይ ነው፤
ግንባሯ ላይ ካሜራ አለ፣ ጉድባውን ቀድሞ የሚያነበው፣
ገና ሳትደርስ እግሯን የሚያለሰልስ።
ጻፍኩ፦ መሪ፣ ስምንት ተኩል። ወንበር፣ ዘጠኝ።
ጸጥታ፣ ዘጠኝ።

ማታ የተራራውን መንገድ ልሞክር ወደ ድንበሩ ወጣሁ።
ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ፣ ባትሪ ሲወዛወዝ አየሁ።
ኒላስ የሚባል አጋዘን ጠባቂ፣ ቅንድቡ በረዶ ያዘለ፤
"አያቴ... የበረዶ ሞተሩ ተገልብጦ... ዳሌዋ..." አለ።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ የውጭ ሰው ሙከራ መኪና ውስጥ አይገባም።
አምቡላንሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሪስተን ደግሞ አታቃስትም፤
የማያቃስት ሰው ያስፈራል።

ወንበሩን አጋደምነው፤ ከአጋዘን ቆዳዋ ጋር አስተኛናት።
ከዚያ ወዲያ ወገቤ ሥራ ፈታ፤ በመስታወት አየኋት።
እያንዳንዷ ጠጠር እሷ ግንባር ላይ ነበር የምትጻፈው፤
የቅጹን አርባ አራት ጥያቄ አንድ የፊት መጨማደድ መለሰው።

"ልጄ፣" አለች ቆይታ፣ "ይህ ቤትህ ዝም ይላል፤
ማን ሞቶበት ነው? በረዶው ካላወራኝ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።
መስኮቱን ክፈት።"

ጣት ያህል ከፈትኩት።
ውርጩ ገባ፤ ከውርጩም ጋር የጎማው ድምፅ፣
አሞሌ ጨው የሚቆረጥም ከብት።
"አሁን ገባኝ፣" አለች ዐይኗን ጨፍና። "ጥዱን አልፈናል፤
እዚህ በረዶው ደረቅ ነው። አሁን ደግሞ ለሰለሰ፤ ውኃ ቀርቧል።
ድልድይ አለ። ቀስ በል፣ ቀስ። መጋጠሚያው ክፉ ነው።"

ካሜራው ምንም አላየም፤ አመዳይ ሸፍኖታል ሁሉን።
ፍሬን ያዝኩ፤ በእግረኛ ፍጥነት ተሻገርን ድልድዩን።
ከሥራችን አንድ ብረት ቋ አለ። ሪስተን ከንፈሯን ነከሰች።
"ደኅና ነው፣" አለች። "ሾፌር ይማራል።"
ኒላስ ከኋላ ሳቀ፣ ወይም አለቀሰ፤ አልዞርኩም።

በማግስቱ ሔኒንግ ጠራኝ። በወንበሩ ስፌት ውስጥ ግራጫ ጸጉር፣
የመኪናዋም መዝገብ ሃምሳ ደቂቃ ስለተከፈተ መስኮት ሲመሰክር።
ነገርኩት። ጸጉሩን በሁለት ጣቱ ነቅሎ በመብራት አየው፤
"የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሃል፣" አለኝ።
በር ላይ ስደርስ፦ "ዳሌዋስ?"
"በብሎን ታስሯል።"
"ጥሩ ብሎን ይሁን፣" አለ፣ ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ።

ቅጹን እንደገና ከፈትኩ። ጸጥታ፣ ዘጠኝ ያልኩትን ሰረዝኩ።
ምን ልተካ? ሰባት? አራት? ብዕሬን ይዤ ቆየሁ።
ባዶውን ተውኩት። "ተጨማሪ አስተያየት" ከሚለው ሥር
"መስኮቱ በደንብ ይከፈታል" ብዬ ጻፍኩ።