ድንኳኑ የሄደ ዕለት

በእድራችን ድንኳን፣ በስተ ቀኝ ጥግ በኩል፣
አንድ መጣፊያ አለ፣ ቀለሙ የማይመስል።
ለቀስተኛው ከሥሩ ንፍሮ እየዘገነ
ቀና ብሎ አይጠይቅ፣ ቀዳጁ ማን እንደሆነ።
መዝገቡ ግን ጽፏል፦ «ሸዋፈራው» ይላል፤
ቅጣቱ፣ ቀኑና ፊርማው ተቀምጧል።

ደብረ ብርሃን ነው፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ ቤታቸው፤
ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል፣ ወጣትነታቸው፤
ካስማ መቁጠር ደግሞ የእርጅና ሥራቸው።

ድንኳን በተከልን ቁጥር እኔን ይጠሩኛል፦
«ይህ ተራዳ፣ በል ንገረኝ፣ በምን ይቆማል?»
«በጉድጓዱ» እላለሁ።
«አላወቅህም!
ጉድጓድ እግር ይይዛል፣ ወገብ ግን አይይዝም።
ከፊት የሚስበው፣ ከኋላ የሚስበው፣
በግራና በቀኝ ገመድ የሚሟገተው፣
አራት ባላንጣዎች ቀጥ ያደርጉታል፤
አንዱ የላላ ቀን ሦስቱ ይጥሉታል።»

«ከነፋስ ፊት ለፊት» ይላሉ ደግሞ፣ ገመድ እየገመዱ፣
«አይኬድም። ሸራው ይርገበገባል፤ ይቀራል መንገዱ።
ጣርማ በርን አስብ፤ ከደብረ ሲና ስትመጣ
አይሱዙ ገደሉን ቀጥ ብሎ አይወጣ፤
ወደ ግራ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣
ሸሽቶ ሸሽቶ ሲያበቃ ደመናው ከታቹ ይተኛል።
ነፋስም ዳገት ነው።
ባሕር ላይ ጠማማው ነው ቀናው።»

እኔ ባሕር የት አውቄ! ያየሁት ትልቅ ውኃ በረሳ፣
እሱም ሐምሌ ላይ፣ ድልድዩን ሊውጥ ሲነሳ።

የካቲት ነበረ። ገብሱ ገብቶ፣ ሜዳው ተራቁቶ፣
የጎሹ ጋሪ ቆሟል፣ ፈረሱ እግሩን ታሞ ሰንብቶ።
ጋሽ ሸዋፈራው ለመኑ ጋሪውን፤
ከጠባሴ ማዶ ወሰድነው፣ የእድሩን ሸራ ጭነን።

ባሕር ዛፍ አቆሙ ከመሐሉ ላይ፦
«ስሙን ያወጣለት ሰውዬ ይህን አይቶ ይሆን ወይ?»
አራት አውታር ወጠሩ፣ ሸራውን ሰቀሉ፣
ከግርጌው አግዳሚ አስረው ገመዱን ሰጡኝና «ልጓሙ ይኸ ነው» አሉ።
«ብዙ አትሳብ፤ ይታፈናል።
ብዙ አትልቀቅ፤ ይሰክራል።»

መጀመሪያ ጎማው ጮኸ። እንጨቱ አቃሰተ።
ከዚያ ሸራው ሆዱን ነፍቶ
ሄደ!
ፈረስ የለ፣ ጅራፍ የለ፣ የለቅሶ ድንኳን ሄደ።
ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አማተቡ፤
አንዷ «እግዚኦ! ማን ሞቶ ነው?» አለች።
ጋሽ ሸዋፈራው ይስቃሉ፣ በሌለ ጥርሳቸው።

«እናዙረው! ጎንበስ በል!» ሲሉኝ ዘገየሁ፤
አግዳሚው መጥቶ ጆሮዬን መታኝ፣ ገመዱን ለቀቅሁ።
ጋሪው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሸራው አጥር ላይ ተቀደደ፤
ያ ሁሉ ነፋስ በቀዳዳው ሾልኮ ሄደ።

እድሩ ተሰበሰበ። «በሙታን ድንኳን ጨዋታ!»
ሦስት መቶ ብር ፈረዱ፣ በአንድ ቃል፣ ያለ ይቅርታ።
«ማን ለቀቀው?» ያለ የለም፤ እሳቸውም አላወሩ፤
በሰም በታሸ ክር ሌሊቱን ሰፍተው አደሩ።

ዓይናቸው ደክሟል ዛሬ፤ ከደጃፍ አይወጡም፤
ሳልፍ ኮቴዬን ሰምተው ሰላምታ አያስቀድሙም፦
«ነፋሱ ከየት ነው?»
«ከምሥራቅ» እላለሁ።

ሰው ሲያለቅስ እኔ ከተራዳው ሥር እቆማለሁ፤
ያ መጣፊያ ሲነፋ፣ እንጨቱ በመዳፌ ውስጥ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤
ሂድ፣ ሂድ ይለዋል አንድ ነገር።
አውታሩን አጠብቃለሁ።

አሁን አልለቅም።